ስለ ችርቻሮ ንግድ፤ ከድሬዳዋ እስከ መቻራ

የደመወዝ ቀን ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሰፈራችሁ ሱቅ ገብታችሁ ግማሽ ሊትር ዘይትና አንድ ኪሎ ስኳር «ጻፈው» ብላችሁ ወስዳችሁ የማታውቁ ጥቂቶች ትሆናላችሁ። ባለሱቁም ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ በስማችሁ ገጽ ላይ ይጽፋል። ደመወዝ የዘገየ እንደ ሆነም ይታገሣል። ዋጋ በጨመረ ቀን ግን ያንን ትዕግሥት ሁሉ ረስተን የመጀመሪያውን የወቀሳ ቃል የምንሰነዝረው በእርሱ ላይ ነው።

ይህ ንግግር የተዘጋጀው ቸርቻሪውን ከወቀሳ ሁሉ ነጻ ለማውጣት አይደለም። በሚዛን የሚያጭበረብር አለ፤ ስኳሩን ከጓዳ ደብቆ «አልቋል» የሚልም አለ፤ እነዚህ በሕግ ይጠየቁ። ነገር ግን ዋጋ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ በየትኛው መንገድ ተጉዞ ባንኮኒው ላይ እንደሚደርስ ሳይመረምሩ ባንኮኒውን ብቻ መቆጣጠር ፍሬ ያለው ሥራ አይደለም። ይህንንም በግልጽ ለመረዳት አዲስ አበባን ለጊዜው ትተን ወደ ምዕራብ ሐረርጌ መሄድ ይበጀናል። በመርካቶ ደጃፍ ያለ ሱቅ ዕቃው ቢያልቅበት በማግሥቱ ያገኛልና ችግሩ አይታይም፤ ከመንገዱ ጫፍ ያለው ሱቅ ግን የአገሩን ንግድ ጉድለት ሁሉ በመደርደሪያው ላይ ያሳያል።

ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጨርጨር ደጋ የሚወጣ ሰው በቀድሞው ስሟ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችውን ጭሮን ያገኛል። ከዚያም መንገዱ በበዴሳና በገለምሶ በኩል አድርጎ ዳሮ ለቡ ወረዳ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ መቻራ ይወስደዋል። መቻራ ቡና፣ ጫትና ማሽላ የሚበቅልባት፣ የግብርና ምርምር ማዕከል ያላት አገር ስትሆን፣ የድንጋይና የመሬት ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ በዋሻዎቿ ያውቋታል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ግን ስለ ዋሻዋ ሳይሆን ስለ ሱቋ ነው፤ ይኸውም አንድ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙናና አንድ ጥቅል ክብሪት መቻራ ለመድረስ ስንት ጊዜ ተጭኖ ስንት ጊዜ እንደሚራገፍ ነው።

ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ሐረርን በያዙበት በ1879 ዓ.ም. በእንጦጦና በሐረር መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ በኢቱ አገር በጨርጨር ደጋ ላይ የሚሄደው ነበር። በግጥሙ ዓለም ያወቀው፣ በሐረር ግን የቡናና የቆዳ ነጋዴ የነበረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለንጉሡ የጦር መሣሪያ ሸጦ ሲመለስ፣ ከአገሩ ሰው ከዡል ቦሬሊ ጋር የተጓዘው በዚያው ዓመት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ጨርጨር ከንግድ መንገድ የራቀ አገር አልነበረም፤ በመንገዱ መካከል የተቀመጠ ነበር እንጂ። ይህንን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

ችርቻሮ ያለ ዝርዝር ገንዘብ አይሆንም። በዚያን ዘመን በአገራችን ይዘዋወር የነበረው የማርትሬዛ ብር ለበሬና ለበቅሎ ግዢ ይመች ነበር፤ ለአንድ እፍኝ ጨው ግን እጅግ ትልቅ ነው። በዚህም ምክንያት በሰሜኑ አሞሌ ጨው፣ በሐረር ከተማ መሐለቅ፣ በሌላውም ስፍራ ጥይት እንኳ ሳይቀር የዝርዝር ሥራ ይሠራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ብር ሲያስቀርጹ አላድ፣ ሩብና ተሙን ማስጨመራቸው የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ጥቂት የሚገዛ ሰው ጥቂት የሚከፍልበት ገንዘብ ከሌለው ወይ ከሚያስፈልገው በላይ ይገዛል፣ ወይም በዱቤ ይወስዳል። ዱቤ በአገራችን የችርቻሮ ንግድ ውስጥ እንደዚህ ሥር የሰደደው ከድህነት ብቻ የተነሣ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

የባቡር ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኩባንያው ገንዘብ በማለቁና የመንግሥታት ክርክር በመነሣቱ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ጊዜ ወሰደ። በነዚያ 14 ዓመታት ውስጥ ድሬዳዋ የባሕር ማዶ ሸቀጥ የሚራገፍባት፣ የምሥራቁ ቡናና ቆዳ የሚጫንባት ታላቅ የንግድ በር ሆነች። ዐደን ተቀምጦ ይነግድ የነበረው የአንቶኒን ቤስ ኩባንያና የሕንዱ የሞሐመድአሊ ኩባንያ በኢትዮጵያ ገበያ ስማቸው የገነነው በዚህ በሐዲድ ዘመን ነው። ግሪክና አርመን ነጋዴዎችም ነበሩ። ከነዚህ በታች ደግሞ በየከተማው ሱቅ የከፈተው የየመን ዐረብ ነበር። ሱቅ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ባንኮኒና መደርደሪያ ያለውን አንድ ክፍል ቤት ብቻ ይጠራበታል።

የዐረቡ ሱቅ አሠራር ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አልነበረም። ትልቁ አስመጪ ለከተማው ጅምላ ነጋዴ አቡጀዲውን በዱቤ ይሰጣል፤ ጅምላ ነጋዴው ለባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል፤ ባለሱቁም ለገበሬው በዱቤ ይሰጣል። ገበሬው ቡናውን በለቀመ ጊዜ ዕዳው በዚያው መሰላል ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ አቡጀዲው ወደ ደጋ በወጣበት መንገድ ቡናው ወደ ሐዲዱ ይወርዳል። ባለሱቁ ሻጭ ብቻ አልነበረም፤ ባንክም ነበረ፤ ቡና ሰብሳቢም ነበረ። አራጣው የከበደ፣ ሚዛኑም አንዳንዴ የጎደለ እንደ ነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለጨርጨር ገበሬ ብድር ለመስጠት የታሰበ አልነበረምና ለገበሬው የነበረው ባንክ ያ ደብተር ነው።

በዚያን ጊዜ የድሬዳዋን ንግድ በቅርብ ያዩ ሁለት ታላላቅ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አንደኛው የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የሠሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ዐርፈው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ጥሬ ዕቃ እየሰጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ከሌላው ጋር በእኩልነት አይገበያይም፤ ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል ሲሉ አስረድተዋል። ይህንንም ለመናገር ከጉምሩክ ደጃፍ የተሻለ መመልከቻ ስፍራ አልነበረም። ሁለተኛው በሩሲያ የተማሩት፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ጨርጨርን ባስተዳደሩበት ጊዜ አውራጃው የአስተዳደርና የግብር ማሻሻያ የተሞከረበት የአርአያ አገር ሆነ፤ በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ስም የተጠራችው አሰበ ተፈሪም የአውራጃው ከተማ ሆነች። ከተማዪቱ የተቀመጠችበት ስፍራ የሚያስደንቅ ነው። ከሐዲዱ ብዙ ሳትርቅ፣ ቡናው ካለበት ደጋ ሳትወጣ፣ ለሁለቱም አማካይ ሆና ተሠራች። የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር ነው፤ የአስተዳደር ከተማ የሚቆረቆርበትን ስፍራ የመረጠ ሰው ንግዱንም ያስብ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

አሁን ስለ ዋጋ እንናገር። ማርትሬዛ ከብር ማዕድን የተሠራ ስለ ነበረ ዋጋው በዓለም ገበያ ከብር ማዕድን ዋጋ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር። ባሕር ማዶ ያለው ሻጭ ግን ዋጋውን በወርቅ ላይ በተመሠረተ ገንዘብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ1929 በኋላ የዓለም ንግድ ሲናጋ የብር ማዕድን ዋጋ እጅግ ወደቀ። የጨርጨር ገበሬ በእጁ የያዘው ብር ያው ብር ነው፤ መልኩም ክብደቱም አልተለወጠም። አቡጀዲው ግን ተወደደበት። ባለሱቁ «ዋጋ ጨምሯል» ባለው ጊዜ ስለ ለንደን የብር ገበያ ሊነግረው አልቻለም፤ ምናልባት እርሱም አያውቅም። ገበሬው ያየው የዐረቡን ፊት ብቻ ነው። በዚያው ወራት ርካሹ የጃፓን ጨርቅ ገብቶ ቀድሞ ገበያውን የያዘውን የአሜሪካ አቡጀዲ ባያባርረው ኖሮ ችግሩ የባሰ ይሆን ነበር።

ይህን ያነሣነው ለታሪክ ጨዋታ አይደለም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ይኸው ነገር ሌላ ልብስ ለብሶ ተመልሷል። ዘይቱ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ደመወዛችን በብር ነው፤ ሁለቱ የሚጋጩት በሰፈሩ ባንኮኒ ላይ ነው። ባለሱቁ ዋጋውን ይናገራል እንጂ ዋጋውን አልሠራውም።

የኢጣሊያ ወረራ በመጣ ጊዜ ወራሪው የሞሐመድአሊን ኩባንያ በ1929 ዓ.ም. ከአገር አስወጣ፤ በአዲስ አበባም የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እንዲዛወር አደረገ። ስሙም የመጣው ከዚያው ነው። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ የገንዘቡ ዝብርቅርቅ ቀረ። የንግድ ሕጉም በ1952 ዓ.ም. ታወጀና ነጋዴ ማን እንደ ሆነ ሲዘረዝር ለመሸጥ የሚገዛውን ሰው በመጀመሪያው ተራ አስቀመጠው። ይህ ለባለሱቁ ትልቅ ክብር ነበር፤ ቀድሞ ንግድን ይንቅ በነበረ አገር ሱቀኛው በሕግ ፊት ስም አገኘ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ማንም ብዙ ሳያወራበት አንድ ትልቅ ለውጥ ተፈጸመ። የጅምላው ንግድ ከድሬዳዋ እየለቀቀ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። መርካቶ የአገሩ ሁሉ መደብር ሆነ። የአሰብ ወደብ እየሰፋ የካሚዮኑ መንገድም በወሎ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ስለ ገባ የባቡሩ ድርሻ ቀነሰ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ሐዲዱ መቆረጡ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። በንግዱ መንገድ መካከል የነበረው ጨርጨር ከስፍራው ሳይነቃነቅ የመንገዱ ጅራት ሆነ። ለኔ እንደሚመስለኝ የምዕራብ ሐረርጌ ችርቻሮ ታሪክ ዋናው ምዕራፍ ይህ ነው፤ ከአዋጆቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

አዋጆቹም ቢሆኑ ቀላል አልነበሩም። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ ኩባንያዎች ተወረሱ። ቀጥሎም በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ጅምላ ነጋዴ ካፒታል ከ300,000 ብር፣ የቸርቻሪው ደግሞ ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ለአንድ ሰውም ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ ከለከለ። ብዙዎቹ የየመን ዐረቦች በእነዚህ ዓመታት ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ። በስፍራቸው የአገሬው ልጆች ገቡ፤ ይህ በጎ ነገር ነው። ግን ያ ከአስመጪ እስከ ገበሬ የሚወርደው የዱቤ መሰላል ተሰበረ፤ የሚተካውም አልተሠራም። ስኳርና ላምባ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ሆነ። የእህሉ ንግድ በኮታና በኬላ ታሰረ። በሰልፍ ቆማችሁ የቀበሌ ካርድ ያስመታችሁ አንባብያን ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በሐረርጌ በኩል ቡናው በሌሊት ወደ ጂቡቲና ወደ ሶማሊያ ይሻገር፣ በምትኩም ጨርቅና ሬዲዮ ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ኮንትሮባንድ አንድ ቃል ልናገር። የኮንትሮባንድ ነጋዴ ሕግ ተላላፊ መሆኑን ሳልክድ፣ የሚሄድበትን መንገድ በካርታ ላይ ብትመለከቱት ያ የጥንቱ የሲራራ መንገድ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከባሕር ወደ ሐረርጌ በቀጥታ ይመጣል። ሕጋዊው ዕቃ ግን እንዲህ አይጓዝም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአገራችን ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ የሚመጣ ሲሆን፣ ካሚዮኑ በጋላፊና በሚሌ በኩል አድርጎ አዋሽን ተሻግሮ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ሥራ የያዘው አዲሱ ባቡርም በድሬዳዋና በሚኤሶ ያልፋል፤ ኮንቴይነሩን ግን በአብዛኛው ይዞት የሚሄደው ወደ መሐል አገር ነው። ከሞጆ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ደግሞ ተመልሶ በካሚዮን ወደ ጭሮ፣ ከጭሮ በአነስተኛ መኪና ወደ ገለምሶና ወደ መቻራ ይመጣል። ስለዚህ የመቻራ ሰው በአጠገቡ ላለፈ ሳሙና የመሄጃና የመመለሻ ጭነት ይከፍላል። ሕጋዊው መንገድ ጠማማ፣ ሕገ ወጡ ቀጥ ያለ በሆነበት አገር ኬላ ማብዛት ብቻ ምን ያህል እንደሚረዳ ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ፣ ከዚያም የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ ሱቁ ተከፈተ፤ ቁጥጥሩ ግን ወደ ባንኮኒው ብቻ ያነጣጠረ ሆኖ ቀረ። በ2003 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ መንግሥት በበርካታ የምግብና የፍጆታ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ወሰነ። ዕቃው ከመደርደሪያው ጠፋ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ጣሪያው በአብዛኛው ተነሣ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ ደብተር በማይዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ላይ የቀን ገቢ ግምት ተገምቶ ግብር በተወሰነ ጊዜ በብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። የግብር ሠራተኛው «ብዙ ትሸጣለህ» ይላል፤ ባለሱቁ «የምሸጠው በዱቤ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ሽያጭ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ ግን በደብተር እንጂ በመሳቢያ የለም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ስለ ደረሰኝ የተነሣው ጭቅጭቅም የዚሁ ወንድም ነው፤ ጅምላው ያለ ደረሰኝ ከሸጠለት ቸርቻሪው ደረሰኝ ከየት ያመጣል?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልለው የነበሩትን የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ሥራዎች፣ የታዘዘውን ሁኔታ ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች በመመሪያ ከፈተ። አንዳንዱ «ትንሹ ሱቅ አለቀለት» ብሎ ፈራ፤ ሌላው «ዋጋ ሊረክስ ነው» ብሎ ደስ አለው። ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለኛል። በጎረቤታችን በኬንያ ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ናኩማት የተባለው ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት በዕዳ ተይዞ ፈረሰ፤ የደቡብ አፍሪካው ሾፕራይት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከኬንያ ለቆ ወጣ፤ ዱካ የሚባለው የሰፈር ሱቅ ግን በስፍራው አለ። ምክንያቱም ሱፐርማርኬት «ጻፈው» ሲሉት አይጽፍም። ስለዚህ በችርቻሮው በኩል የውጭው ሰው ወደ መቻራ ይመጣል ብዬ አልፈራም፤ ወደ ገለምሶም አይመጣም።

የሚያሳስበኝ የጅምላው ነገር ነው። የውጭው አከፋፋይ መጥቶ መጋዘኑን እንደ ሌሎቹ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቢሠራ ለጨርጨር የሚለወጥ ነገር የለም፤ ጅራቱ ጅራት ሆኖ ይቀራል። በድሬዳዋ ቢሠራ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው አቅጣጫ ይመለሳል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና ተከፍቷል፤ ሐዲዱም በዚያው ያልፋል። በቴሌብር የሚከፍል ገዢ በገጠር ከተሞችም ተገኝቷልና የሽያጩ መዝገብ ከደብተሩ ጎን ሌላ ምስክር እያገኘ ነው፤ በዚህም ላይ ተመሥርቶ ለባለሱቁ የሥራ ማስኬጃ ብድር መስጠት ለባንክ የማይቻል ነገር አይደለም። የቀድሞውን የዱቤ መሰላል ያለ ቀድሞው አራጣ መልሶ መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

በንግድ፣ በጉምሩክ፣ በባቡርና በክልል ቢሮዎች የምትሠሩ አንባብያን ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ወደ ጠረጴዛችሁ ስትመለሱ አንድ ጥያቄ ብታነሡ መልካም ነው፤ ለጭሮ፣ ለበዴሳ፣ ለገለምሶና ለመቻራ ባለሱቆች የመጣ አንድ ኮንቴይነር ስኳር ሞጆ ደርሶ ከመመለስ ይልቅ በድሬዳዋ ወይም በሚኤሶ ተራግፎ፣ ቀረጡም እዚያው ተከፍሎ ወደ ደጋው እንዲወጣ የሚጎድለው ወረቀት የትኛው ነው? ያስ ወረቀት በማን ፊርማ ይወጣል?